ዓሣ ይዘን ወደ ዓባይ በረሓ

ከቢቸና ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚጓዝ ሰው ከፊቱ ታላቅ ገደል መኖሩን የሚነግረው ምልክት የለም። በግራም በቀኝም የሚታየው ጥቁር አፈር፥ የኅዳር ጤፍ፥ ባሕር ዛፍና በየመንደሩ የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ ነው። ደጀን ደርሶ ከከተማው ዳር ጥቂት እንደ ተራመደ ግን ምድሪቱ በድንገት ትቆረጣለች። ቁልቁል ሲመለከት በመጀመሪያ የሚያየው ጭጋግ ነው፤ ቀጥሎም እርከን በእርከን የወረደ የድንጋይ ግድግዳ፤ ከዚያም በታች በጣም ርቆ እንደ ክር የቀጠነ ዓባይ። ማዶም የጎሐ ጽዮን አፋፍ ከደጀን ትይዩ ቆሞ ይታያል። ዋናው መንገድ በደጀን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ፥ ሁለተኛው በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል።

ደጀን ከባሕር ወለል በላይ ከ2ሺህ 400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ወንዙ ግን ከርሷ በታች ከ1ሺህ 300 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይፈሳል። ስለዚህ ጧት ጋቢውን ተከናንቦ ከደጀን የተነሣ መንገደኛ ከአንድ ሰዓት በኋላ ከድልድዩ ዘንድ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። አንባቢዎቻችን ይህን የብርድና የሙቀት ነገር እንዲያስታውሱልን እንለምናለን፤ ኋላ ለዓሣዎቹ ጉዳይ ያስፈልገናልና።

እኛ በዚህ መንገድ በፍርድ ቤት ሥራ ምክንያት ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር መጀመሪያ የተጓዝነው ግን መዝገብ ይዘን አልነበረም። ከእኛ ጋራ የ12 ዓመት ልጃችን ነበረች፤ በጉልበቷም ላይ ማር የሚሸጥበት ክዳን ያለው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ዕቃ ይዛ ነበር። በውስጡ ያለው ውኃና አንዲት ዓሣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ የአዲስ አበባ ዘመዳችን ወደ ውጭ አገር ሲሄድ አኳሪየም የሚባለውን የዓሣ ማኖሪያ የመስተዋት ሣጥን ላከልን። ርዝመቱ 120፥ ወርዱ 40፥ ከፍታው 50 ሳንቲ ሜትር ነበር። የጽሕፈት ሰው ቍጥር ይወዳልና ወዲያው አባዛነው፤ 240 ሊትር ሆነ። እንግዲህ ውኃው ብቻ 240 ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። አናጢ አስጠርተን እግሩ የወፈረ ጠረጴዛ አሠራን፤ ያለ ስሕተት ያደረግነውም ይህን አንዱን ብቻ ነው።

ዓሣዎቹን የመረጥናቸው በዐይናችን ነበር። በአዲስ አበባ ከአንድ ሱቅ ገብተን ልጃችን በጣቷ እያመለከተች ስምንት አስወጣች። ሁለቱ ክንፋቸው እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ መልአክ ዓሣ የሚባሉት ናቸው፤ አንዱ ገና ትንሽ የነበረ ኦስካር፤ ሁለቱ ግራጫ ሆነው ጥቁር ሽንትር ያለባቸው፥ ፈረንጆች ስለ ልብሳቸው እስረኛ ያሏቸው፤ ሦስቱ ደግሞ ወርቅ የመሰሉ ባለ ጥቁር መሥመር። ሻጩ የጠየቅነውን ሸጠልን፤ ያልጠየቅነውን አልነገረንም። ጥፋቱ የኛ ነው።

ወርቃማዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት የመላእክቱን ክንፍ ቦጫጭቀው ጨረሱት። እስረኞቹ ተጋብተው አንዱን ማዕዘን ቆፈሩና የቀረውን ሁሉ ወደ ሌላው ማዕዘን አሳደዱት። ኦስካሩ በየወሩ እየወፈረ ሄዶ ከወርቃማዎቹ ታናሹን አንድ ሌሊት ዋጠው። በመስከረም መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ ሲቈይ ውኃው ወደ 16 ዲግሪ ወረደ፤ የማጣሪያውም ሥራ ቆመና ውኃው ተበላሽቶ ኦስካሩም እስረኞቹም ሞቱ። የተረፉት ሁለት ወርቃማዎች ነበሩ። ከሁለቱም አንዱ ቀለሙ ቀስ በቀስ ጠቁሮ ነበር፤ እርሱም በጥቅምት መጨረሻ ክዳኑ ሳይገጠም ባደረበት ሌሊት ዘሎ ወለል ላይ ተገኘ። ልጃችን ሁሉንም በተራ ከጌሾው ሥር ቀበረቻቸው። ባለቤታችንም ገንዳውን እንጀራ እንድታስቀምጥበት ጠየቀችን፤ ቀልዷ ነበር፥ ነገር ግን ፈጽሞ ቀልድ አልነበረም።

የቀረችው አንዲቱ ምግብ መብላት ተወች። ልጃችን፥ ባሏ ስለ ሞተ አዝና ነው፥ አለች። ጐረቤታችን እማማ ደግሞ ገና ሳትከሳ ለጾም ለምን አትበሏትም ብለው መከሩን። በዚህ መካከል ልጃችን ሌላ ሐሳብ አመጣች፤ ዓባይ ሙቅ ነው፥ ሰፊም ነው፥ እዚያ ወስደን እንልቀቃት የሚል። እኛ አልተስማማንም፤ ነገር ግን ለሣጥኑ የሚሆን ድንጋይ ልንለቅም ወደ ደጀን መሄዳችን አይቀርም ነበርና፥ እንሄዳለን፥ ካየን በኋላ እንወስናለን፥ አልናት። ሰው መወሰን ሲያቅተው ቀጠሮ ይሰጣል፤ ይህን ልማድ ከየት እንዳገኘነው አንባቢ ያውቃል።

ሲክሊድ የሚባለው የዓሣ ወገን እጅግ ሰፊ ነው። እስካሁን ስም የተሰጣቸው ከ1ሺህ 700 በላይ ናቸው፤ በአፍሪቃ፥ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ይበዛሉ፤ በማላዊ ሐይቅ ብቻ ብዙ መቶ ዐይነት አለ። በጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ ስላላቸው አንዱ ከድንጋይ ላይ ሽበት ይግጣል፥ ሁለተኛው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፥ ሦስተኛው ሌላ ዓሣ ይውጣል። ይልቁንም እንቍላላቸውንና ግልገላቸውን የሚጠብቁ ወላጆች ናቸው። ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ርስት ይፈልጋል፤ ርስት ያለውም ስለ ድንበር ይካሰሳል። ይህንንስ ከመዝገብ ቤታችን ማወቅ ይገባን ነበር። የመረጥናቸው ስምንቱ ከሦስት አገር የመጡ ነበሩ፤ መልአክ ዓሣና ኦስካር ከአማዞን ለስላሳና ሙቅ ውኃ፥ እስረኞቹ ከመካከለኛው አሜሪካ፥ ወርቃማዎቹ ከማላዊ ሐይቅ ዐለታማ ዳርቻ፥ ውኃው ማዕድን ከበዛበት። ኦስካርማ ሲያድግ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። እኛ ያየነው የጣት ያህል ሆኖ ነው።

ከደጀን ቁልቁል የወረድነው ጤፍ በጫነ አይሱዙ ነው። መንገዱ እስከ ወንዙ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አፈሩ በየጊዜው ስለሚንሸራተት በብዙ ስፍራ ተሰነጣጥቆ ይታያል፤ ከገደሉ የተናደውም ድንጋይ በየዳሩ ተከምሯል። ለኛ ይህ ክምር እንደ ሱቅ ሆነልን። ሾፌሩ ጎማ ለማብረድ በቆመ ቍጥር እየወረድን እንለቅም ጀመርን፤ ልጃችንም ሎሚና ቢላዋ ይዛ ትመረምር ነበር።

የዓባይ በረሓ ግድግዳ እንደ ተነባበረ እንጀራ ነው። ከላይ፥ ከደጀን ሥር፥ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ጥቁር ድንጋይ ነው። ዝቅ ሲባል ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ይህ በጥንት ዘመን፥ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር በነበረበት ጊዜ የተነጠፈ ነው፤ ዛሬም የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት በውስጡ ይገኛል። ከርሱ በታች ጄሶ ያለበት ንጣፍ፥ ከሁሉም በታች ከወንዙ አጠገብ ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። ድንጋዩን በቢላዋ ፍቀን ዱቄቱ ላይ ሎሚ ስንጨምቅ የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ ጥቁሩ ድንጋይ ዝም ይላል። አረፋ የሚያወጣው ውኃውን ቀስ በቀስ ያጠነክረዋል፤ ስለዚህ ለማላዊና ለታንጋኒካ ዓሣ ይስማማል፥ ለመልአክ ዓሣ ግን አይሆንም። ጥቁሩ የውኃውን ጠባይ ስለማይለውጥ ለሁሉም ይሆናል። ጄሶን ግን በጥፍር ሲቧጨር ስለሚፋቅ እናውቀዋለን፤ ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ጣልነው። ልጃችን ሦስት ክምር ሠርታ ሁለቱን ብቻ ጫነች፤ ሾፌሩም ድንጋይ በመኪናው ሲጫንለት እንዲህ የተደሰተ ደንበኛ አይቶ እንደማያውቅ ነገረን።

ኩራርን ስናልፍ ሙቀቱ ከፊታችን እንደ ምጣድ ነፈሰ። ልጃችን በዕቃው ውስጥ ያስቀመጠችውን ቴርሞሜትር እያየች፥ ከቢቸና ስንነሣ 19 የነበረው 25 ደረሰ አለች። ዓሣዪቱም ከታች ተኝታ የነበረችው ተነሥታ መዋኘት ጀመረች። ይህን ባናይ ኖሮ ክርክሩ በቀለለልን ነበር።

ከወንዙ ዘንድ ሁለት ድልድዮች አሉ፤ አንዱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው፥ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው ነው። እኛ ከድልድዮቹ ራቅ ብለን፥ ዓባይ አዞ ያለበት ወንዝ ነውና ከዳሩም ፈቀቅ ብለን ተቀመጥን። አንድ ጐልማሳ ዓሣ በሽቦ ሰክቶ ለመንገደኞች ይሸጥ ነበር፤ አምባዛ፥ ነጭ ዓሣ፥ ሁለትም ቆሮሶ። ልጃችን ቆሮሶውን አንሥታ አጥንት ያለውን የጀርባውን ክንፍ፥ ወፍራሙን ከንፈሩን፥ ከጎኑ ያለውን መሥመር አየችና ከዓሣዋ ጋራ አስተያየችው። ትክክል ነው፤ ቆሮሶ ሲክሊድ ነው። ጣና ውስጥም ያለው ሲክሊድ እርሱ ብቻ ነው፤ የቀሩት የጣና ዝነኞች፥ በዚያው ሐይቅ ውስጥ ወደ ብዙ ዐይነት የተከፋፈሉት ነጭ ዓሦች፥ ከሌላ ወገን ናቸው። በግብፅ አገር ከ3ሺህ ዓመት በፊት በመቃብር ግድግዳ ላይ የተሣሉት የጓሮ ኵሬዎች ውስጥ የሚታየው ዓሣም ይኸው የዓባይ ቆሮሶ ነው። ከኛ አስቀድመው ሲክሊድ በቤት ያኖሩ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፤ ነገር ግን ኵሬ ነበራቸው። ቆሮሶ ከግማሽ ኪሎ በላይ ያድጋል፥ ወለሉን እየቆፈረ ድንጋይ ይገለብጣል፥ ለ240 ሊትር ሣጥን አይሆንም።

ልጃችንም ያን ጊዜ፥ አባባ፥ እዚህ ቢለቋት ዘመዶቿም አሉ፥ አለችን።

መልሱን ስንፈልግ ሻጩ ዕቃውን ተቀብሎ ወደ ፀሐይ አነሣና ብዙ አየ። ከዚያም፥ ጌታው፥ ይህች አልታመመችም፤ አገጯን ይዩት፥ አፏን ሞልታለች። ቆሮሶም እንዲሁ ናት፤ ልጆቿን ባፏ ይዛ ትጾማለች፥ አለን። ወደ ልጃችንም ዞሮ፥ እቴ፥ እናት ናት እኮ፥ አላት። እኛም ጠጋ ብለን ብናይ አገጯ ከረጢት መስሎ ተነፍቶ በየጊዜው የሚያላምጥ ይመስላል። በመዝገብ ቤት 20 ዓመት ሠርተን ማስረጃ ከፊታችን ቀርቦልን ሳናይ የቀረንበት ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ያህል አፍረን አናውቅም።

እንግዲህ ወንዝ ውስጥ ልንለቅ የነበረው አንዲት ዓሣ ሳትሆን ምናልባት 20 ወይም 30 ነበር። ለልጃችን የእምቦጭን ነገር አስታወስናት፤ እርሷም በትምህርት ቤት ሰምታው ነበር። ያ ሐምራዊ አበባ ያለው የውኃ ላይ አረም ከደቡብ አሜሪካ ስለ ውበቱ ለኵሬ ጌጥ ተብሎ በዓለም የተዘራ ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2011 በጣና ላይ መኖሩ ታወቀ፥ ከዚያም ወዲህ ስንት ገበሬ ከወገቡ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅለው ከረመ። በቪክቶሪያ ሐይቅም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ ናይል ፐርች የሚባለው ታላቅ ዓሣ ከተጨመረ በኋላ ሊቃውንት ወደ 200 የሚገምቱት የሲክሊድ ዐይነት ጠፍቷል። ወርቃማዪቱ በዓባይ ውስጥ ትኑር ወይም በክረምቱ ጎርፍ ትጥፋ ማንም አይነግረንም። ከገባች ግን የሚመልሳት ትእዛዝ የለም። ልጃችን ብዙ ዝም ካለች በኋላ ክዳኑን ገጥማ፥ እንሂድ፥ አለች። ሽቅብ ስንወጣ ውኃው እንዳይበርድ ዕቃውን በጋቢያችን ጠቀለልነው።

ከ12 ቀን በኋላ በቢቸና 14 ግልገሎች ከአፏ ወጡ። የጤፍ ፍሬ የሚያህል ዐይን ነበራቸው።

ከዚህ በኋላ ምርጫውን እንደ ገና ጀመርን፥ አሁን ግን ከውኃው። በማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ ይህም ውኃችን ጠንካራ መሆኑን ያመለክታል። ጠንካራ ውኃ ያለው ቤት በጠንካራ ውኃ የተወለደ ዓሣ ቢይዝ በየቀኑ ከኬሚካል ጋራ አይታገልም። ስለዚህ ያማዞኖቹን ሙሉ በሙሉ ተውናቸው። ቀጥሎ ጠባይ ነው። የኛ ወርቃማ ሜላኖክሮሚስ አውራቱስ የሚባለው ሲሆን ከማላዊ የድንጋይ ዓሣዎች ሁሉ ቍጡዎች ከሚባሉት ነው። ከዚያው ሐይቅ ላቢዶክሮሚስ የሚባል ቢጫ ዓሣ አለ፤ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ያድጋል፥ ጠባዩም ከወገኖቹ ይልቅ የዋህ ነው። ትንሽ ሣጥን ብቻ ያለው ሰው ደግሞ ከታንጋኒካ ሐይቅ የሚመጡትን፥ በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ቤት የሚሠሩትን ድንክዬዎች ቢፈልግ ይሻለዋል፤ 5 ሳንቲ ሜትር አይሞሉም፥ ርስታቸውም የመዳፍ ያህል ነው። አንድ ወንድ ከሦስት ወይም ከአራት ሴቶች ጋራ ማኖር፥ ሁለት የሚመሳሰል ቀለም ያላቸውን ወንዶች አለማገናኘት፥ ድንጋዩንም እስከ ላይ ክቦ ተባራሪው ከአባራሪው ዐይን እንዲሰወር ማድረግ ይገባል። ድንጋዩ ከወለሉ መስተዋት ላይ በቀጥታ ይቀመጥ፥ አሸዋው ኋላ ይጨመር፤ ሲቆፍሩ እንዳይናድ ነው። ምግባቸውን በተመለከተ፥ እኛ ከፍቅር ብዛት የበሬ ጉበት እንከትፍላቸው ነበር። የድንጋይ ዓሣ ግን ሽበት ግጦ የሚኖር ነውና ሥጋ ሆዱን ነፍቶ ይገድለዋል። አሁን ለዓሣ የተዘጋጀ የአትክልት ምግብና የተቀቀለ ቆስጣ እንሰጣቸዋለን።

ቢጫዎቹን በአዲስ አበባ በየቤታቸው ከሚያራቡ ሰዎች ፈልገን ስምንት ግልገል አመጣን። ከቤት አራቢ መግዛት የሚበልጠው እናትና አባታቸውን በዐይን ማየት ስለሚቻል ነው። ሙሉ ስማቸውን አስጻፍን፤ በምን ውኃ እንዳደጉ ጠየቅን፤ በፊታችንም ምግብ ሲበሉ አየን። ሆዱ የሰረጎደ፥ ክንፉን አጥፎ ከማዕዘን የቆመ፥ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ዓሣ ካለ ካንድ ሣጥን የሚወጣው ሁሉ ይተዋል። ቅልቅል ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውንም ተውነው፤ አባቱ ያልታወቀ ነገር ኋላ ክርክር ያመጣል። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን አልበሉም፤ ከረጢቱም ሲሶው ውኃ ሁለት እጁ አየር ነበር። አውቶቡሱ ከጎሐ ጽዮን ቀዝቃዛ አፋፍ ወርዶ ወደ ደጀን እስኪወጣ ድረስ በካርቶንና በጋቢ ተጠቅልለው ከእግራችን ሥር ተቀመጡ። ከቤት ስንደርስ ከረጢቱን በሣጥኑ ውኃ ላይ አንሳፈን ጥቂት በጥቂት ቀላቀልንላቸው። ሣጥኑም ማጣሪያው ውስጥ ቆሻሻውን የሚለውጡት ጥቃቅን ሕያዋን እስኪበዙ ስድስት ሳምንት ሲሠራ ቆይቶ ነበር፤ ያለዚያ አዲስ ውኃ በራሱ መርዝ ይሆናል። መብራት ሲጠፋ ሣጥኑን በብርድ ልብስ እንሸፍናለን፥ ምግብ እንከለክላለን፥ በየሰዓቱም ውኃውን በጆግ እየቀዳን ከፍ አድርገን እናፈሳለን። ልጃችን ይህን ሌሊት ማድረግ ትወዳለች፤ ጧት ለትምህርት መነሣት እንጂ ያስቸገራት።

የቈላ ኵሬ ያለው ገበሬ ግን የውጭ ዓሣ አይመኝ። ለርሱ ቆሮሶ አለለት፤ ግልገሉንም ከሰበታ ወይም ከባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል ጠይቆ ይያዝ። ስለ ዓሣ ሀብት በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 315 ነው፤ ዓሣ ወደ ውኃ ከመጨመሩ በፊት የግብርና ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ኋላ እኛ ዘንድ ከመምጣት ይሻላል።

ወርቃማዪቱና 14 ልጆቿ ከቢጫዎቹ ጋራ እንዳይገናኙ ከትልቁ ሣጥን ሩብ ያህሉን በመስተዋት ከፈልንላቸው። ከ14ቱ 11 አደጉ። ልጃችን ለያንዳንዱ ቍጥር ሰጥታ በደብተር መዘገበቻቸው፤ ሣጥን ላለው ሰው ብቻ ይሰጣሉ፥ ተቀባዩም ወንዝ እንዳይለቃቸው ይፈርማል። አራት ሰዎች ፈርመዋል። በ2012 ዓ.ም. መስከረም ከቀሩት ሰባት ሁለቱ ጠቁረው ወንድ መሆናቸው ታወቀ፤ በመካከላቸውም የዓባይን ጥቁር ድንጋይ ከብበን አስታረቅናቸው። በጥቅምት ግን ሦስተኛው መጥቆር ጀመረ፤ መስተዋት ቈራጩንም እንደ ገና አስጠራነው።